ነጭ መኪና ላይ ፖሊሽና ሲላንት ሳይዘሉ መቀባት

ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ቪትዜን ሲላንት፣ ማለትም ቀለሙን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን፣ የቀባሁ ቀን፣ ሥራዬን ጨርሼ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና አየኋት። ታበራለች። ደስ አለኝ። ከአራት ቀን በኋላ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስወጣ ጣሪያው ላይ ውሃው እንደ ዶቃ ኳስ ኳስ ሠርቶ ተቀምጧል። መሃሉ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ሰንበር ከፊት እስከ ኋላ ተጋድሟል። እዚያ ላይ ውሃው ዝርግ ብሏል። ዘልየዋለሁ ማለት ነው። ሲላንቱ ነጭ፣ ቀለሙ ነጭ፣ የምቀባበት ስፖንጅም ነጭ ነበር። ምኑን ልየው?

ጥቁር መኪና ላይ እንዲህ ያለ ስህተት አይደበቅም። የቀባችሁት እንደ ጉም ነጥቶ ይታያል፤ ያልቀባችሁት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ነጭ፣ ሲልቨር ወይም ክሬም መኪና ላይ ግን ዓይን ብዙ አያገለግልም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ግማሹ ስለ ማሸት ነው፤ ግማሹ ደግሞ የት እንደደረሳችሁ ስለ ማወቅ።

ስሙ አያምታታችሁ

ሰው "መኪናዬን ፖሊሽ አስደረግኩ" ሲል ብዙ ጊዜ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እየጠራ ነው።

ፖሊሽ ይፍቃል። ውስጡ በጣም ደቃቅ መፋቂያ ብናኝ አለ። ከቀለሙ ገጽ ላይ ትንሽ ልጦ ጭረቱን ያስተካክላል። ኮምፓውንድ የሚባለው ሸካራው ወንድሙ ነው። ሲላንት ግን አይፍቅም። ከላይ የሚለበስ ስስ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው። ውሃውን ያንከባልላል፤ ቆሻሻው ቀለሙ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ዋክስም ይህንኑ ይሠራል። ታዋቂው ካርናውባ የሚባለው ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። ዋክስ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ሲላንት እንደ አያያዙ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ካርናውባ ጥቁርና ቀይ መኪና ላይ ጥልቀት ይሰጣል ይባላል፤ እውነትም ይሰጣል። ነጭ ላይ ግን ልዩነቱን አላየሁትም። ነጭ መኪና ካላችሁ ገንዘባችሁን ሲላንት ላይ አውሉት።

ዕቃውን ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ መፋቂያ አለው ወይስ የለውም የሚለውን አንብቡ። የፊቱ ሥዕል ሁሌም የሚያብረቀርቅ መኪና ስለሆነ አይረዳችሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የፋብሪካ ቀለም ከብረቱ በላይ ያለው ጠቅላላ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከላይ ያለው ጥርት ያለው ሽፋን፣ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ከአንድ የራስ ጸጉር ይቀጥናል። ፖሊሽ የሚልጠው ከዚያ ላይ ነው። በየወሩ ፖሊሽ ማድረግ መኪና መንከባከብ አይደለም፤ ክሊሩን በየወሩ መጨረስ ነው። ፖሊሽ በዓመት አንዴ ቢበዛ ይበቃል። ሲላንቱን ግን በፈለጋችሁ ጊዜ ደግሙት።

የድሮ መኪና ካላችሁ፣ ለምሳሌ ነጭ ዲኤክስ፣ ጭራሽ ክሊር ላይኖረው ይችላል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በደረቅ ጥቁር ጨርቅ ጣሪያውን እሹት። ጨርቁ ላይ እንደ ጠመኔ ነጭ ነገር ከወጣ የወጣው ቀለሙ ራሱ ነው። እንዲህ ያለውም ፖሊሽ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ ከዘመናዊው በላይ ያምርበታል። ግን በእጅ ብቻ፣ በለሰለሰው ፖሊሽ ይሁን።

መቼ፣ የት፣ ምን ለብሶ

አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ አትምርም። ጃኬት ለብሳችሁ ቆማችሁ ኮፈኑ ሊያቃጥላችሁ ይችላል። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ከሞቀ አትጀምሩ። የሞቀ ብረት ላይ ፖሊሽ በደቂቃ ደርቆ ዱቄት ይሆናል፤ ሲላንትም እኩል ሳይዘረጋ ይጨብጣል። ጥላ ያለው ቦታ ፈልጉና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሩ። ዛፍ ሥር ግን አይሁን። ወፎች የሚጠብቁት ነጭ መኪና ነው የሚመስለው።

ከዓመቱ ውስጥ እኔ የምመርጠው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ሌላው ጥቅምት፣ ጭቃው ሲያበቃ።

ልብሳችሁ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሁን። ይህ ቀልድ አይደለም። የመኪና ቀለም መስታወት ነው፤ ፊቱ የቆመውን ያሳያል። ጥቁር ሸሚዝ ለብሳችሁ በሩ ላይ ጎንበስ ስትሉ፣ የሸሚዙ ጥላ ያረፈበት ቦታ ላይ የደረቀው ቅባት እንደ ጭጋግ ይታያችኋል። ሰማዩ ወይም ነጭ ግድግዳ ከተንጸባረቀበት ምንም አይታያችሁም። ጋቢ ለብሳችሁ አትምጡ።

ሌላው መሣሪያ መብራት ነው። ፓውዛ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ የስልክ ባትሪ ይበቃል። ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ እስኪቀርብ አጋድማችሁ አብሩት።

እጥበቱ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ባልዲ፣ ሦስት ጀሪካን ውሃ፣ ለስላሳ ጓንት ወይም ወፍራም ማይክሮፋይበር ጨርቅ። አንዱ ባልዲ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ማለቅለቂያ። ከላይ ወደ ታች ታጠቡ። ጎማና ቸርኬ በሌላ ጨርቅ። ላቫጆ ቤት የሚያጋጥመው ችግር ይሄ ነው፤ ጎማ የነካው ጨርቅ ተመልሶ ኮፈን ላይ ይወጣል። መብራት ስታበሩበት የምታዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው።

የዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ለዘወትር አልመክርም፤ ዛሬ ግን አሮጌውን ዋክስ ስለሚያነሳላችሁ አንዴ ቢሆን ችግር የለውም።

ብርቱካንማ ነጥቦቹ

ነጭ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ታጥቦም የማይለቁ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ብርቱካንማ ነጥቦች። ብዙ ሰው ቀለሙ ከውስጥ የዛገ ይመስለዋል። አይደለም። ከውጭ የመጣ የብረት ብናኝ ነው። ግማሹ ከፍሬን ይወጣል። ሌላው ከግራይንደርና ከብየዳ ይመጣል። ሰፈራችሁ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ካለ፣ ወይም ቢሯችሁ አጠገብ ሕንጻ እየተሠራ ከሆነ፣ ብልጭታው ሲበር ምን ላይ እንደሚያርፍ አሁን ገባችሁ። ትኩሱ ብናኝ ክሊሩ ውስጥ ይቀበራል፤ ዝናብ ሲነካው ይዝጋል። ጥቁር መኪና ላይም አለ፤ ስለማይታይ ነው።

ይህን ሳታነሱ ፖሊሽ ብትጀምሩ ብናኙ ስፖንጁ ላይ ይያዝና መኪናውን ራሱ ይጭረዋል።

ማንሻው የብረት ብናኝ ማሟሚያ የሚባል ፈሳሽ ነው። ይረጫል፤ ብረቱን ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። እዚህ ላይ ነጭ መኪና ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሐምራዊው እንባ በሩ ላይ ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ሽታው እንደ ገማ እንቁላል ነው። ጓንት አድርጉ፤ በጥላ ሥሩ፤ ሳይደርቅ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ በብዙ ውሃ አጥቡት።

ቀጥሎ ክሌይ። የልጆች መጫወቻ ጭቃ የመሰለ ነገር ነው። ከ50 እስከ 60 ግራም የሚሆነውን በመዳፍ ልክ ጠፍጥፉት። መኪናውን በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ ሳትጫኑ ወዲያ ወዲህ አንሸራትቱት። መጀመሪያ ይንቀረቀራል፤ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ያኔ ያ ቦታ አልቋል። በየጊዜው እያጠፋችሁ ንጹሑን ፊት አውጡ። መሬት ከወደቀ ጣሉት። ያሳዝናል፣ ግን ጣሉት። አሸዋ የያዘ ክሌይ የብርጭቆ ወረቀት ነው።

መጨረሱን እንዴት ታውቃላችሁ? እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቀለሙን ዳብሱት። ፌስታሉ የጣትን ስሜት ያጎላዋል። ባዶ እጅ "ለስላሳ ነው" ያለው ቦታ በፌስታል ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ይሆናል። ዓይን ያላየውን እጅ የሚያይበት ዘዴ ይሄ ነው፤ ኋላ ሲላንቱ ላይም እንመለስበታለን።

ታችኛው በር አካባቢ ጥቁር የሬንጅ ነጥብ ካለ፣ ጨርቅ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ አድርጋችሁ ያዙበት፤ ሲሟሟ ጥረጉና ወዲያው በሳሙና እጠቡት። ሲጋራ አጠገባችሁ አይኑር።

ፕላስተር

የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ግዙ። ጥቁር ፕላስቲኩን፣ የመስታወቱን ጎማ፣ የስፖኪዮውን ሥር፣ የበር እጀታውን ዙሪያ ሸፍኑ። ነጭ ቀለም ላይ የማይታየው ቅባት ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ሲደርቅ እንደ ኖራ ነው የሚሆነው። ለወራት ይከተላችኋል።

የበርና የኮፈን ጠርዝም ይሸፈን። ጠርዝ ላይ ቀለም ይሳሳል፤ ማሽን ደግሞ ጠርዝ ይወዳል።

ከዚያ ወረቀት ውሰዱና መኪናውን በክፍል ጻፉት። ቪትዝ ላይ ጣሪያ፣ ኮፈን፣ አራት በር፣ ሁለት የፊት ፓራፋንጎ፣ ሁለት የኋላ ጎን፣ የኋላ በር፣ ሁለት ፓራውልት፤ ድምሩ 13። ጣሪያውን ለስድስት፣ ኮፈኑን ለአራት፣ በሩን ለሁለት ክፈሉት። ወረቀቱን የፊት መስታወት ላይ ለጥፉት። አንድ ክፍል ስታጠናቅቁ ምልክት አድርጉ። ስልክ ይደወላል፣ ጎረቤት "ምን እየሠራችሁ ነው?" ብሎ ይመጣል፣ ቡና ደርሷል ትባላላችሁ። ስትመለሱ "የት ነበርኩ?" የሚለውን ነጩ ቀለም አይነግራችሁም።

ፖሊሹ

መጀመሪያ ሙከራ። ብዙ የማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ የኋላ በር ታችኛው ክፍል ላይ፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ምረጡ። በለሰለሰው ስፖንጅና በለሰለሰው ፖሊሽ ሞክሩ። ጥርጊያችሁን ጨርሳችሁ በባትሪ እዩት። ካማረ በዚያው ቀጥሉ። ካላማረ ብቻ ጠንከር ወዳለው ተሻገሩ። ሁሉም ጭረት መጥፋት የለበትም። ጥፍር የሚይዘው ጭረት በፖሊሽ አይወጣም፤ ላውጣው ብላችሁ ብትታገሉ ክሊሩ ይወጣል።

ማሽንን በተመለከተ አንድ የማየው ነገር አለ። ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ ፖሊሽ ማድረግ። እባካችሁ ተዉት። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ዙር ትሽከረከራለች። የፖሊሽ ማሽን የሚሠራው ከ600 እስከ 3,000 ዙር ባለው ነው። በግራይንደር ቀለም በሰከንዶች ይቃጠላል። ነጭ ቀለም ሲቃጠል ደግሞ ቢጫ ጠባሳ ይተዋል። ለጀማሪ የሚሆነው ዱዋል አክሽን የሚባለው፣ እየተሽከረከረ ወዲያ ወዲህ የሚርገበገበው ማሽን ነው። ብትጫኑት መዞሩን ያቆማል እንጂ አያቃጥልም። ለዚህም ሲባል የስፖንጁ መያዣ ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ሲዞር ካያችሁት እየሠራ ነው፤ ቆሞ ከታየ ተጭናችሁታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. አዲስ ስፖንጅ ከሆነ ፊቱን በሙሉ በስሱ ፖሊሽ ቀቡት። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቦታ የአተር ፍሬ የሚያህሉ ሦስት ወይም አራት ጠብታዎች ይበቃሉ።

2. ማሽኑ ጠፍቶ እንዳለ ስፖንጁን ቀለሙ ላይ አሳርፉ፤ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ጠብታዎቹን በትኑ። ከዚያ በዝቅተኛ ፍጥነት ዘርጉት። ማሽኑን አየር ላይ ካስነሳችሁት ፖሊሹ ሸሚዛችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

3. ስድስት ደረጃ ያለው ማሽን ከሆነ ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርጉ። ቦታው በግምት 50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አየሩ ደረቅና ነፋሻ ከሆነ 40 በ40 አድርጉት።

4. ወደ ጎን ሂዱ። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይደርብ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች። ይህ አንድ ዙር ነው። ሦስት ወይም አራት ዙር አድርጉ።

5. ፍጥነታችሁ በሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ በጣም ዝግ ያለ ነው። ሁሉም ሰው ይቸኩላል። እኔ በሆዴ እየቆጠርኩ ነው የምሄደው።

6. በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረጉ። ስፖንጁን በብሩሽ አጽዱ። ምልክት አድርጉ። ወደ ቀጣዩ።

አራተኛው ላይ ያለው "ግማሽ መደረብ" ነው ሥራውን እኩል የሚያደርገው። ክብ ክብ እየሠሩ መሄድ ያምራል፤ ግን በክቦቹ መሃል የተዘለለ ቦታ ይቀራል። ጥቁር መኪና ላይ ታዩታላችሁ፤ ነጭ ላይ አታዩትም። መስመር ግን ይቆጠራል። ሰባት መስመር ወደ ጎን፣ ሰባት ወደ ታች። ቆጥራችሁ የሠራችሁትን ማየት አያስፈልጋችሁም።

በእጅ የምትሠሩ ከሆነ ቦታውን ወደ 30 በ30 አሳንሱት። ያው መስመር፣ ያው መደረብ። ትከሻችሁ ይነግራችኋል። በእጅ ጥልቅ ጭረት አይወጣም፤ ድብዝዙ ግን ይነሳል፤ ለነጭ መኪና ደግሞ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። ስፖንጁ እየጠቆረ ሲመጣ አትደንግጡ። የሚወጣው ቀለም ሳይሆን የከረመ ጥላሸት ነው።

ፓራውልት ላይ ተጠንቀቁ። ፕላስቲክ ሙቀት ስለማያስወጣ ቶሎ ይግላል።

በአልኮል መጥረግ

ፖሊሽ ውስጥ ዘይት አለ። ያ ዘይት ጭረቱን ለጊዜው ይሞላና "እንዴት አማረ!" ያሰኛል፤ ከሁለት እጥበት በኋላ ጭረቱ ይመለሳል። ሲላንቱም ዘይት ላይ አይይዝም። ስለዚህ 70 በመቶ አልኮል አንድ እጅ፣ ውሃ ሁለት እጅ ቀላቅላችሁ መርጫ ውስጥ አድርጉ። ክፍል በክፍል እየረጫችሁ በአንድ ጨርቅ ጥረጉ፣ በሌላ አድርቁ። የሚያጣብቀው ጄል ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ውስጡ ግሊሰሪን አለ።

በቅርቡ ጋራዥ ገብቶ የተቀባ በር ወይም ፓራውልት ካለ በአልኮልም በሲላንትም አትንኩት። አዲስ ቀለም እየደረቀ ሳለ ውስጡ ያለው ማሟሚያ መውጣት አለበት። ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ታገሡ፤ ቀቢውንም ጠይቁት። ያ በር ከሌላው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ሆኖ ከታያችሁ ፖሊሽ አያስታርቀውም፤ ነጭ ብዙ ዓይነት ነው።

ሲላንቱ

ደረስን። እኔ የወደቅኩበት ቦታ።

ሁለት ዓይነት አለ። ተረጭቶ ወዲያው የሚጠረገውና ተቀብቶ ደርቆ የሚጠረገው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ጨርቁ ላይ ትረጫላችሁ፣ ትዘረጋላችሁ፣ በሌላ ጨርቅ ትጠርጋላችሁ። ከዚህ በታች የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ስፖንጁም ጨርቁም ነጭ አይሁን። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ግዙ። ቢያንስ ቅባቱ ስፖንጁ ላይ አለ ወይስ አልቋል የሚለውን ታያላችሁ። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለው ሲላንት ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ምረጡ።

መጠኑ ላይ ሁሉም ሰው ያበዛል። ለቪትዝ የሚያህል መኪና ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ያንን አስቀድማችሁ በትንሽ ስኒ ለኩት። ኮፈኑን ስትጨርሱ ግማሹ ካለቀ አብዝታችኋል። መኪናው አልቆ ስኒው ሞልቶ ከቀረ የሆነ ቦታ ዘላችኋል። ዓይን ባይኖር ስኒው ይቆጥራል። ወፍራም ሲላንት የበለጠ አይከላከልም። የሚይዘው ቀለሙን የነካው ስስ ሽፋን ነው፤ የተረፈውን መልሳችሁ በጨርቅ ትለቅሙታላችሁ፤ በየክፍተቱ የገባው ደግሞ አቧራ ይዞ ነጩን መኪና በጥቁር መስመር ይከብበዋል።

ከጣሪያ ጀምሩ፤ ከዚያ ኮፈን፣ የኋላ በር፣ ጎኖቹ። መጀመሪያ ከፊት ወደ ኋላ በቀጥታ መስመር፣ ግማሽ እየደረባችሁ። ቀጥሎ ያንኑ ቦታ፣ ሲላንት ሳትጨምሩ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። በአንዱ አቅጣጫ የዘለላችሁትን ሌላው ያነሳዋል። ጣሪያ ላይ መሃሉን ከሁለቱም ጎን እለፉት። እጃችሁ ከቀኝ ሲደርስ "ይሄ ይበቃል"፣ ከግራ ሲደርስ "ይሄ ይበቃል" ይላል፤ መሃሉ ባለቤት ያጣል። የእኔ ሰንበር የተፈጠረው እንደዚያ ነው። ቁመታችሁ አጭር ከሆነ በርጩማ አምጡ።

ሲደርቅስ? ብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ፤ ጠርሙሱ የሚለውን ስሙ። ማረጋገጫው ጣት ነው። ንጹሕ ጣታችሁን አንድ ጊዜ ሸርተት አድርጉበት። ከተሙለጨለጨና ከተዝረከረከ ገና ነው። ጣታችሁ ያለፈበት ጥርት ብሎ ከቀረ ደርሷል። መጀመሪያ የቀባችሁት ቦታ መጀመሪያ ይጠረጋል።

ለመጥረግ ሁለት ጨርቅ ያዙ። የመጀመሪያው ይለቅማል፤ ሁለተኛው ያወለውላል። ጨርቁን ለአራት አጥፉት፤ አንዱ ፊት ሲከብድ ወደ ሌላው አዙሩ። አትጫኑ። ትግል ከሆነባችሁ ወይ አብዝታችኋል ወይ ብረቱ ሞቋል። ያኔ ጨርቁን በጣም ትንሽ ውሃ ነካ አድርጋችሁ ሞክሩ።

አሁን ምርመራው። መጀመሪያ ባትሪውን ከጎን አጋድማችሁ አብሩ፤ የቀረ ቅባት እንደ ቅባታም የጣት አሻራ ይታያል። ቀጥሎ ጥቁር ሸሚዛችሁን አስጠግታችሁ እዩ። ሦስተኛው፣ እኔ የምተማመንበት፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ንጹሕ ደረቅ ማይክሮፋይበር በመዳፋችሁ ክብደት ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንሸራተት ነው። ሲላንት ባለበት ጨርቁ በረዶ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። በሌለበት ቦታ ያዝ ያደርገዋል። ያዝ ካደረገው ቆም በሉና ያንን ቦታ ደግማችሁ ቀቡት። ጎረቤት ምን ይለኛል አትበሉ፤ እኔ ጋ ተለምዷል።

የፊት መስታወት ላይ አትቀቡ፤ ዝናብ ማጽጃው ሲሄድበት ጭጋግ ይሠራል። የፍሬን ዲስክ ላይም እንዳይረጭ ተጠንቀቁ።

ፕላስተሩን ቀስ ብላችሁ ላጡት። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ያመለጠ ካለ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በዚያው በአልኮል ውሃ ዛሬውኑ አስለቅቁት። ነገ ይጠነክራል።

ሁለተኛው ቅብ

ሲላንት ቀለሙ ላይ ለመያዝ ሰዓታት ይፈልጋል። ቢያንስ 12 ሰዓት ውሃ አያግኘው። ጋራዥ ከሌላችሁ ሰማዩን አይታችሁ ጀምሩ። ድንገት ካካፋ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁት፤ የጠብታው ክብ ምልክት እንዳይቀር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛ ዙር ቀቡ። ብዙ ሰው ይህን ለውፍረት የሚደረግ ይመስለዋል። ለነጭ መኪና ጥቅሙ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ቀን የተዘለለውን ይሸፍናል። አንድ ቦታ በሁለቱም ቀን የመዘለል ዕድሉ ትንሽ ነው፤ በተለይ መነሻችሁን ከቀየራችሁ። ትናንት ከሹፌሩ በኩል ከጀመራችሁ ዛሬ ከሌላው ጀምሩ። ትናንት ረጅሙን መስመር ካስቀደማችሁ ዛሬ አጭሩን አስቀድሙ።

ጨርቆቹን ለብቻ እጠቡ። ልብስ ማለስለሻ አትጨምሩባቸው፤ ክሩን ይሸፍነዋል፤ ውሃም አይጠጡም። በጥላ አስጧቸው።

ከዚያ መኪናውን በቀላሉ ያዙት፤ ዝናቡን ግን ጠብቁ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲያባራ፣ ፀሐይ ሳታደርቀው ውጡና ዙሩት። ዶቃው እኩል ተደርድሮ ካያችሁ ገብታችሁ ቡናችሁን ጠጡ። ዝርግ ያለ ሰንበር ካያችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ሲደርቅ አይታይማ። ያንን ክፍል ብቻ አጥባችሁ፣ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ ሲላንት ደግሙበት። 15 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔም በርጩማዬን ይዤ ወጥቼ ጣሪያዬን እንደዚያ ነው ያስተካከልኩት።